ምዕራፍ ሰባት፦ መዳፍ የምታህል መሬት

ባለፈው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ፍሬን መኪና አያቆምም ብዬ ነበር። ፍሬን የሚይዘው መንኮራኩሩን ነው፤ መኪናውን የሚያቆመው ጎማ ነው። መንኮራኩሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጎማው አስፋልቱን ካልጨበጠ መኪናው እየተንሸራተተ ይሄዳል። በአራተኛው ምዕራፍ ስለ ሞተር ጉልበት ያየነውም በዚሁ ይገዛል። ሞተር፣ ማርሽ፣ መሪና ፍሬን የሚሠሩት ሁሉ ወደ መሬት የሚደርሰው በጎማ በኩል ብቻ ነው፤ ሌላ በር የለውም።

ታዲያ ይህ በር ምን ያህል ይሰፋል? ከአምቦ ተነሥቶ በጊንጪ፣ በአዲስ ዓለምና በሆለታ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ የቤት መኪና እንውሰድ። ከነተሳፋሪዎቹ 1,400 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ለእያንዳንዱ ጎማ 350 ኪሎ ይደርሰዋል። የጎማው ንፋስ 32 ፒኤስአይ ከሆነ (ጎሚስታው መለኪያው ላይ የሚያነበው ቁጥር ነው) በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 2.25 ኪሎ ያህል ይገፋል። 350ን ለ2.25 ስናካፍል 155 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ እናገኛለን። ይህም ወርዱ 12፣ ቁመቱ 13 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቦታ ነው፤ የአንድ ሰው መዳፍ ያህል።

ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆነው በዚያ መንገድ ላይ መኪናው ኩርባ ሲዞር፣ ድንገት መንገድ ያቋረጠ በሬ አይቶ ሲቆም፣ ከከባድ መኪና ጀርባ ወጥቶ ሲቀድም፣ ውስጡ ያሉት ሰዎች ሕይወት በአራት መዳፎች ላይ ነው። ከባዱም መኪና ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም። ጭነት የሞላ አይሱዙ አንዱ የኋላ ጎማው 1,000 ኪሎ ቢሸከምና ንፋሱ 90 ፒኤስአይ ቢሆን ስሌቱ 160 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሰጠናል። ሸክሙ ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ መዳፉ ግን ያው ነው።

ወፍጮና መዳፍ

ጎማ አስፋልትን እንዴት እንደሚጨብጥ ለመረዳት በገጠር ቤት ጓዳ የሚገኘውን የድንጋይ ወፍጮ ማሰብ ይበቃል። መዳፋችሁን ወፍጮው ላይ አሳርፋችሁ ጫን እያላችሁ ወደፊት ግፉት። ሥጋችሁ በድንጋዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ውስጥ ሰርጎ ስለሚገባ እጃችሁ እንደልብ አይሄድም። ወፍጮው ብዙ ፈጭቶ ከለሰለሰ ግን መዳፉ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ እህሉም አይደቅም። ለዚህ ነው ወፍጮ በየጊዜው የሚወቀረው።

ጎማና አስፋልትም እንደዚሁ ናቸው። የአስፋልቱ ጠጠር ወፍጮው፣ ላስቲኩ ሥጋው ነው። ላስቲክ በጠጠሮቹ መካከል እየሰረገ፣ እየተለጠጠና እየተመለሰ ይይዛል። ከዚህ ሌላ ንጹሕና ደረቅ ድንጋይ ላይ በጥቂቱ ይጣበቃል። ሁለቱም ሥራዎች የላስቲኩን ልስላሴ ይፈልጋሉ። የደረቀ፣ ያረጀ፣ የጠነከረ ላስቲክ ጉድጓዶቹ ውስጥ መግባት አቅቶት ከላይ ከላይ ይሄዳል።

ከወፍጮው የምንማረው ሁለተኛ ነገር አለ፤ የዚህ ምዕራፍ ዋና ሐሳብ የሚነሣውም ከዚያ ነው። መዳፋችሁን መጀመሪያ ስትጫኑት ሥጋው ጉድጓዶቹን በፍጥነት ይሞላል። ከዚያ በኋላ ጭነቱን እጥፍ ብታደርጉት መያዙ እጥፍ አይሆንም፤ የሚሞላ ጉድጓድ አልቋልና። ስለዚህ ያንኑ ክብደት በሰፋ መዳፍ ላይ የዘረጋ ላስቲክ፣ በደረቅ መንገድ ላይ፣ በጠባቡ ላይ ካከማቸው የበለጠ ይይዛል። ሰፊና ለስላሳ መዳፍ የፈለገ ሰው ግን ዋጋ ይከፍላል፤ ለስላሳ ላስቲክ ቶሎ ያልቃል፣ ሸክምም አይችልም። ጎማ የሚሠራ ፋብሪካ ሁሉ መያዝን፣ ዕድሜንና ሸክም መቻልን ያመዛዝናል፤ አንዱን ሲጨምር ከሌላው ይቀንሳል። ሦስቱንም እስከ መጨረሻው የሚሰጥ ጎማ እስካሁን አልተሠራም። ሻጭ «ይሄ ጥሩ ጎማ ነው» ሲላችሁ «ለምን ሥራ?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

ዕድሜውን ሁሉ የሸጠ ጎማ

ይህ ልውውጥ እስከ ጫፉ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው አሜሪካኖች ድራግ ሬስ የሚሉትን ውድድር ይመልከት። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው ቀጥ ባለ አጭር መንገድ ይሽቀዳደማሉ። ኩርባ የለም፣ ዝናብ ከመጣ ውድድሩ ይቆማል። የተለመደው ርዝመት 402 ሜትር ነው። ቶፕ ፊውል የሚባለው ፈጣኑ ምድብ ግን ከ2008 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሚሮጠው 305 ሜትር ብቻ ነው። እነዚህ መኪኖች ያንን ርቀት ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ጨርሰው በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳሉ።

የኋላ ጎማቸው ጥርስ የለውም፤ ሙልጭ ያለ ነው። ቁመቱ 91፣ ወርዱ 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ንፋሱ ደግሞ ከ6 እስከ 7 ፒኤስአይ አካባቢ ብቻ ነው፤ የእኛ መኪና ጎማ ያን ያህል ቢወርድ ሹፌሩ ተነፈሰ ብሎ ይወርዳል። ንፋሱ ስለሳሳ ጎማው መሬት ላይ ይተኛል፤ አንዱ ጎማ ብቻ ወደ 1,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይነካል ብለን መገመት እንችላለን። የቤት መኪናውን መዳፍ ስድስት ሰባት እጥፍ ነው። መኪናው ሲነሣ የጎማው ጎን እንደ ተጨማደደ ጨርቅ ይታጠፋል፤ ይህ ጉድለት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የሞተሩ ጉልበት በአንድ ቅጽበት ላስቲኩን እንዳይቆርጠው እጥፋቱ ይቀበለዋል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ፍጥነቱ ሲጨምር ጎማው በሽክርክሪቱ ኃይል ተስቦ ይረዝማል፤ ያጠረው ጎማ ለመነሻ፣ የረዘመው ለፍጥነት ሆኖ የማርሽ ለውጥ ያህል ያገለግላል።

ተወዳዳሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ጎማውን ውሃ አርከፍክፈው በቦታው ያሽከረክሩታል፤ ጭሱ ሰማይ ይነካል። ለተመልካች ትርኢት ቢመስልም ሥራ ነው፤ ላስቲኩ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ላዩ ላይ የተለጠፈው ቆሻሻም ይላጣል። መንገዱንም አይተዉትም። የሚያጣብቅ ፈሳሽ ይረጩበታል፣ የቀድሞ ጎማዎች ላስቲክ ተለብጦበታል። ወፍጮውንም መዳፉንም አብረው አዘጋጁ ማለት ነው።

ዋጋውስ? ያ ጎማ ከጥቂት ሩጫዎች በኋላ ይጣላል። በሙሉ ዕድሜው የሮጠው ቢደመር ከአምቦ ተነሥቶ ጉደር አያደርስም፤ ከከተማው ቢወጣም ብዙ ነው። ዕድሜውን በሙሉ ለመያዝ ሸጦታል። ለዚያ ሥራ ከእርሱ የተሻለ ጎማ የለም፤ ለአምቦ መንገድ ከእርሱ የባሰ ጎማ የለም።

ሐምሌ፣ ውሃና ዋልካ

የባሰ የምለው ቶሎ ስለሚያልቅ ብቻ አይደለም። መንገዱ ላይ ውሃ ሲተኛ የመዳፉ ሕግ ይገለበጣልና ነው።

ላስቲክ የድንጋዩ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባው ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ነው። ውሃ ቀድሞ ከሞላው መጀመሪያ ውሃው መውጣት አለበት። የጎማ ጥርስ ሥራ ይህ ነው። ብዙ ሰው ጥርስ አስፋልትን የሚነክስ ይመስለዋል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጥርስ የመዳፉን ስፋት ከመቀነስ ሌላ እምብዛም አይጠቅምም። ጥርስ ቦይ ነው፣ ውሃውን ወደ ኋላና ወደ ጎን ያስወጣል። ቦዩ ካለቀ ወይም መኪናው ከፈጠነ ውሃው መውጫ ጊዜ ያጣና ጎማውን ከአስፋልቱ ያነሣዋል። ያኔ መሪው በድንገት ይቀላል፤ ፍሬን ቢረገጥ መልስ የለም።

ይህ በስንት ፍጥነት እንደሚሆን የአሜሪካው ናሳ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎማዎች ላይ ያጠናው ጥናት ቀላል ስሌት ትቶልናል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ ከመሬት የሚነሣበት ፍጥነት በዋናነት የሚወሰነው በንፋሱ ነው። በ32 ፒኤስአይ በሰዓት 94 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ንፋሱ ወደ 20 ከወረደ 75 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ «ክረምት ላይ ንፋስ ቀነስ ሲደረግ መንገድ ይይዛል» የሚለው ልማድ ለአስፋልት ፍጹም ስሕተት ነው። የሳሳ ጎማ ውሃውን የመግፋት ጉልበት የለውም። ይህን ልማድ ከልቤ እቃወመዋለሁ፤ ክረምት ላይ በየኩርባው የምናየው ተገልብጦ የተኛ መኪና አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለ ምክር ሊሆን ይችላል።

ልማዱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል፤ ከጭቃ ነው። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ጀልዱ ወይም ወደ ግንደበረት የሚያቀኑ መኪኖች ዋልካ ሲገጥማቸው ችግሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚሸነፈው ጎማው ሳይሆን አፈሩ ነው፤ በጠባብ መዳፍ የተጫነ አፈር ይሰምጣል። ንፋሱን ቀነስ አድርጎ መዳፉን ማስፋት፣ ቀስ ብሎ መንዳት ያኔ ይረዳል። ጥርሱም እዚያ በእውነት ይነክሳል። አስፋልት ላይ ሲወጡ ግን ንፋሱን መልሶ መሙላት ግዴታ ነው።

ከሁለቱም የከፋው ዋልካና አስፋልት የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጊንጪ አካባቢ ከማሳ የወጣ ትራክተር ወይም የጭነት መኪና ጥቁሩን ጭቃ አስፋልቱ ላይ አንጠባጥቦ ይሄዳል። ካፊያ ሲነካው ጭቃው የጠጠሩን ጉድጓድ ሁሉ ይደፍነዋል፤ ወፍጮው በሊጥ ተለስኗል። የመጀመሪያው ዝናብ ቀንም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በጋውን የተጠራቀመው አቧራ፣ ዘይትና የላስቲክ ብናኝ በጥቂት ውሃ ተለውሶ ይንሸራተታል። ደህና ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ከክብደቱ 80 ከመቶ የሚሆን ኃይል ይይዛል እንበል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ 31 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል። መያዙ በግማሽ ከቀነሰ 63 ሜትር ይፈልጋል። እርጥብ አስፋልት ይህን በቀላሉ ያደርጋል፤ ጭቃው ከዚያም ይብሳል።

ንፋስ፣ ሙቀትና ከፍታ

ድራግ ተወዳዳሪ ንፋሱን በግማሽ ፒኤስአይ ልዩነት ይለካል። እኛ ደግሞ ጎማውን በእግራችን እንመታለን፤ የከባድ መኪና ረዳት በዱላ ወይም በብረት ይመታል። ምቱ ፈጽሞ የተነፈሰን ጎማ ይለያል፤ 20 ፒኤስአይ የጎደለውን ግን አይለይም። በተለይ ጥንድ የኋላ ጎማዎች ላይ ውስጠኛው ሲጎድል ውጪኛው የሁለቱን ሸክም ተሸክሞ ይሄዳል፤ ሰው የሚያየው ውጪኛውን ብቻ ነው።

ንፋስ የጎደለው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይታጠፋል፣ ይመለሳል፤ መታጠፉ ሙቀት ይሆናል። ድራግ ጎማ ሙቀትን የሚፈልገው ለአራት ሰከንድ ነው። ሰዓታት የሚጓዝ ጎማ ግን ሙቀቱ ከውስጥ እየተጠራቀመ ላስቲኩን ከክሩ ያላቅቀዋል። ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርድ የጭነት መኪና የዚህ ዋና ተጋላጭ ነው። ጌዶ ከባሕር ጠለል 2,500 ሜትር ገደማ፣ ባኮ 1,650 አካባቢ ናቸው። ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ የወረደ ሹፌር ድስኩንና ከበሮውን አግሎ ቸርኬውን ያሞቃል፤ ቸርኬው ከመነዳሪውን ያሞቃል፤ ታች ሲደርስ አየሩም ሞቃት ነው። በማርሽ መውረድ ፍሬንን ያድናል ብለን በአምስተኛው ምዕራፍ ያልነው ጎማንም ያድናል።

ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ሞቅ ብሎ ቁጥሩ ስለጨመረ ማስተንፈስ ማታ ላይ የጎደለ ጎማ ይዞ ማደር ነው።

ከፍታስ? ከጅቡቲ የሚመጡ ሹፌሮች ይህን ይጠይቃሉ። ባሕር ዳርቻ ላይ አየሩ ጎማውን ከውጭ በ14.7 ፒኤስአይ ይጫነዋል፤ አምቦ ከፍታ ላይ በ11.4 ገደማ ብቻ። ስለዚህ ያው ንፋስ አምቦ ሲደርስ መለኪያው ላይ 3 ያህል ጨምሮ ይታያል። በሌላ በኩል ደጋው ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ንፋሱን ይቀንሳል። ከ37 ወደ 17 ዲግሪ ለወረደ የቤት መኪና ጎማ ሁለቱ እኩል ለእኩል ይጣፋሉ፣ መለኪያው ብዙም አይለወጥም። 100 ፒኤስአይ የሚሞላ የከባድ መኪና ጎማ ግን በብርዱ ብቻ 7 ያህል ይቀንሳል፣ ከፍታው 3 ይመልስለታል፤ በድምሩ 4 ያህል ጎድሎ ይደርሳል። አምቦ ላይ አድሮ ጠዋት መለካት ያለበት እርሱ ነው።

ስትገዙ

ጎማ ጎኑ ላይ ስለራሱ ይናገራል። አንድ የሚኒባስ ጎማ ላይ 195 አር 15 ሲ፣ ቀጥሎም 106/104 ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። 195 ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ 15 የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። «ሲ» ለጭነት የተጠናከረ መሆኑን ይነግራል። 106 የሸክም ቁጥር ነው፤ 950 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 104 ደግሞ ጥንድ ሆኖ ሲሠራ የሚችለው 900 ኪሎ ነው። አሁን ከጎኑ የተቀመጠ፣ ወርዱም የቸርኬው ልክም ያው የሆነ፣ ርካሽ የቤት መኪና ጎማ ተመልከቱ፤ የሸክም ቁጥሩ 91 ነው፤ 615 ኪሎ። አራቱ ተደምረው 2,460 ኪሎ ይችላሉ። ሰው የሞላ፣ ጣሪያው ላይ ጭነት የተከመረበት ሚኒባስ ወደ 3,000 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ቸርኬው ላይ መግባቱ ለሥራው መብቃቱን አያሳይም። ይህን ቁጥር ሳያዩ ለሰው ማጓጓዣ ጎማ መግዛት በሰው ሕይወት መቆጠብ ነው።

በመጠኑ ቁጥሮች መካከል «አር» ካለ ክሮቹ ከጠርዝ ወደ ጠርዝ ቀጥ ብለው የተዘረጉ ናቸው፤ ራዲያል ይባላል። በምትኩ ሰረዝ ካለ፣ ለምሳሌ 7.50-16፣ ክሮቹ ተሰቀላለው የተሠሩ ናቸው። ራዲያሉ አስፋልት ላይ መዳፉን ጠፍጣፋ አድርጎ ያኖራል፣ ብዙም አይሞቅም፣ ይቆያል። የተሰቀላለው ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ የበዛበት ፒስታ ላይ ይጸናል። የትኛው ይሻላል የሚለውን መንገዳችሁ ይመልሰዋል፤ ሁለቱን አንድ አክስል ላይ መቀላቀል ግን ፈጽሞ አይገባም። አያያዛቸው ስለሚለያይ መኪናው ቀጥ ብሎ አይቆምም። ድራግ ተወዳዳሪዎችም በዚህ አይደራደሩም።

አንዳንድ ጎማ ላይ የዕድሜ ቁጥርም አለ፤ ትሬድዌር ይባላል። ለመንገድ የሚፈቀዱ የድራግ ጎማዎች 100 ወይም ከዚያ በታች ተጽፎባቸዋል፤ የተለመደው የቤት መኪና ጎማ ከ300 እስከ 500። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዕድሜው ይረዝማል፤ ብዙ ጊዜ ላስቲኩም ይጠነክራል።

ከሁሉ በላይ ግን ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ፈልጉ። 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የ2011 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻና የሰኔ መግቢያ። ላስቲክ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል። ፀሐይ ላይ የተሰቀለ ደግሞ ይብሳል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ መዳፉ ደርቋል። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። ተሰቅሎ የኖረውን ስኮርታም አትርሱት፤ ሳይሮጥ ያረጀ ጎማ እርሱ ነው።

የጥርሱን ልክ ለማወቅ በቦዮቹ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ጉብታዎች እዩ። ቁመታቸው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥርሱ ከእነርሱ ጋር ከተስተካከለ ጎማው አልቋል። እኔ ግን ለምዕራብ ሸዋ ክረምት 3 ሚሊ ሜትር ላይ መለወጥን እመርጣለሁ፤ ቦዩ ውሃ ማስወጣት የሚያቅተው ከዚያ በታች ነው።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ ቢበቃ አዲሶቹ የት ይግቡ? አብዛኛው ሰው ከፊት ያደርጋቸዋል፤ መሪው እዚያ ስላለ። መግባት ያለባቸው ግን ከኋላ ነው። የፊት ጎማ ውሃ ላይ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሹፌሩ መሪው ሲቀልለት ይሰማዋል፣ ነዳጁን ይለቃል፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ጎማው መልሶ ይይዛል። የኋላው ሲንሸራተት መኪናው ይሽከረከራል፤ ሹፌሩ የሚሰማው ጎኑ ከዞረ በኋላ ነው፣ የሚመልስበትም ጊዜ የለውም። የተሻለው የድሮ ጎማ ወደ ፊት፣ አዲሶቹ ወደ ኋላ።